ወፉ ሌሊት ለማን ያዜማል?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና አዳምጡኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ወፍ ነው፤ ከወፉ ጋር ግን ሌሊት አለ፣ ረጅም መንገድ አለ፣ ቼሎ የምትጫወት ሴት አለች፣ ጦርነትም አለ፤ ስለዚህ አትቸኩሉብኝ፣ እኔም አልቸኩልም።

ሰዓት በየሰዉ እጅ ላይ ሳይታሰር በፊት አገራችን ላይ ሌሊቱን የሚከፋፍሉልን ዶሮና ወፍ ነበሩ። ነጋዴው የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮህ ተነሥቶ አህያውን ይጭናል፣ ሁለተኛው ሲጮህ መንደሩን ለቆ ይወጣል፣ ገበሬውም ወፍ ሲንጫጫ በሬዎቹን ከበረት ያወጣል፤ ወፍ ተንጫጭቶ እያለ ተኝቶ የተገኘ ጎልማሳ ደግሞ በጎረቤቱ ፊት ያፍር ነበር። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ዛፉና ቁጥቋጦው ያልተመነጠረበት ግቢ ያለው ሰው፣ ገና ወገግ ሳይል፣ ቅዝቃዜው ከመስኮቱ መስታወት ላይ ሳይለቅ፣ ከአጥሩ ጥግ አንድ ዜማ ይሰማል፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ከዚያ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ የሌላውን ወፍ ድምፅ ተውሶ ያስመስላል። ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ሆዱ ብርቱካንማ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው ወፍ ነው፤ የወፍ አጥኚዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ አገራችንን ዞሮ ባጠናው በጀርመናዊው በኤድዋርድ ሩፔል ስም ይጠሩታል። ከፀሐይ በፊት ይጀምራል፣ ከፀሐይ በኋላም መሽቶ ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ድረስ ያዜማል። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፣ ለማን እንደሚያዜም ግን ጠይቃችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። የዛሬው ወሬዬ ይኸው ጥያቄ ነው፤ የምነግራችሁም አንድ አገር ሙሉ በአንድ ሌሊት የአንድን ወፍ ዜማ ስለሰማበት ጊዜ ነው።

አገሩ እንግሊዝ ነው፣ ዘመኑም በእኛ 1915፣ በእነሱ 1923 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት የእነሱ ናቸውና ልብ በሉልኝ። ከለንደን በስተደቡብ፣ ሰሪ በሚባለው አውራጃ፣ ኦክስቴድ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ፎይል ራይዲንግ የሚባል ቤት ነበር፤ ቤቱ በደን የተከበበ ነው፣ በደኑም ውስጥ ሰው በቀላሉ የማይገባበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አለ፣ በቤቱም አራት እህትማማቾች ይኖሩ ነበር፣ አራቱም ሙዚቀኞች። ከአራቱ አንዷ ቢያትሪስ ሃሪሰን ናት፤ አባቷ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ሆኖ ሕንድ አገር ሲያገለግል ሩርኪ በምትባል ከተማ በ1892 የተወለደች፣ ከልጅነቷ ጀምራ ያቺን በጉልበት መሐል ተይዛ በቀስት የምትመታውን፣ እንደ ሰው ጉሮሮ ደረቅና ወፍራም ድምፅ ያላትን ቼሎ ያጠናች፣ በኋላም ታላቁ የእንግሊዝ ሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ኤልጋር የቼሎ ድርሰቱን በሸክላ ሲያስቀርጽ የመረጣት ሴት ናት። ታዲያ በፀደይ ምሽት፣ ብርዱ ለቀቅ ሲል፣ በደኑ ሥር ሰማያዊ አበባ ምድሩን ሲያለብሰው፣ ቢያትሪስ ቼሎዋን ይዛ ወደ ውጭ ትወጣና ከቁጥቋጦው አጠገብ ትለማመድ ነበር።

ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ፣ እሷ ራሷ እንዳወራችው፣ የሙዚቃ ደራሲውን የሪምስኪ ኮርሳኮፍን አንድ ዜማ ስትጫወት ቆይታ በመጨረሻው ድምፅ ላይ ቀስቷን እያንቀጠቀጠች ትወጣለች ትወርዳለች፣ ወዲያው ከጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ያንኑ ድምፅ መለሰላት። ቆመች፣ ያም ቆመ። እንደገና ጀመረች፣ ያም ጀመረ፣ ቼሎዋ ከፍ ስትል ከፍ አለ፣ ዝቅ ስትልም አብሮ ዝቅ አለ። ናይቲንጌል የሚባለው ወፍ ነው። ይህን ወፍ በቀን ብታዩት አታደንቁትም፤ መልኩ ተራ ቡናማ ነው፣ ጭራው ብቻ ወደ ቀይ ይወስደዋል፣ ክብደቱም ወደ 20 ግራም ቢሆን ነው፣ ከቁጥቋጦም ብዙ አይወጣም። አፉን ሲከፍት ግን ጉሮሮው ይነፋል፣ መላ አካሉ ይርገበገባል፣ መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚመጣ ረጅም ፉጨት ያፏጫል፣ ፉጨቱ እየቀረበ እየጎላ ይመጣል፣ ከዚያ ድንገት ተሰባብሮ እንደ ጠጠር ይረግፋል፣ ከዚያም ዝም ይላል፤ ዝምታውም የዜማው ክፍል ነው። በርሊን ውስጥ ለብዙ ዓመት ያጠኑት ሰዎች አንድ ወንድ ወፍ ወደ 200 የሚጠጉ የተለያዩ ዜማዎች እንደሚያውቅ ጽፈዋል።

ቢያትሪስ ይህን ለብቻዋ መስማት ከበዳት። በዚያን ጊዜ ቢቢሲ የሚባለው የሬዲዮ ድርጅት ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር፣ ሰዉም በየቤቱ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አጥብቆ ከለንደን የሚመጣውን ድምፅ እየለቀመ ያዳምጥ ነበር፤ እሷም ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ወደ ጆን ሪዝ ሄዳ መሐንዲሶችዎን ወደ ጓሮዬ ይላኩልኝ፣ ይህ ወፍ ለአገሩ ሁሉ ይሰማ ስትል ጠየቀች። ሪዝ ጥብቅ ሰው ነበሩና መጀመሪያ አልወደዱትም። ወፍ በቀጠሮ አይዘምርም፣ ባይዘምርስ? ሕዝቡ ሬዲዮውን ከፍቶ ዝምታ ሲሰማ ምን ይላል? ነገሩስ ቁም ነገር ነው ወይ? ይህን ሁሉ አሰቡ። እሷ ግን አልተወቻቸውም፣ ደግሞም በዚያው ሰሞን ከቀድሞው ይልቅ ጆሮው ስል የሆነ አዲስ ማይክሮፎን ተሠርቶ ነበርና በመጨረሻ እሺ አሉ።

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ፤ ግንቦት 11 ቀን 1916 ዓ.ም. በእኛ፣ በእነሱ ሜይ 19 ቀን 1924። ዘመኑን በዓይነ ኅሊናችሁ እንድታዩት፣ ያን ሰሞን አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ከመኳንንቶቻቸው ጋር አውሮፓን ይጎበኙ ነበር፣ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜም ለንደን ገብተዋል። መሐንዲሶቹ ጭነታቸውን በመኪና ይዘው ኦክስቴድ ደረሱ፣ ሽቦውን በሣሩ ውስጥ ዘረጉ፣ ማይክሮፎኑን ከቁጥቋጦው አጠገብ አቆሙ፣ የቀረውን መሣሪያ በጓሮው ጎጆ ውስጥ ደረደሩ፣ ከዚያም ከስልክ መስመር ጋር አገናኙት፤ ድምፁ በስልክ ሽቦ ለንደን ይደርሳል፣ ከለንደንም በአየር ለሕዝብ ይበተናል። እዚያ አገር በግንቦት ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲጠጋ ነው፣ ሌሊቱም አጭር ነው፣ ጤዛውም ብርቱ ነው። ቢያትሪስ ማይክሮፎኑ እሷንም ወፉንም እኩል እንዲሰማ ከቁጥቋጦው አጠገብ ባለው ቦይ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፣ ቼሎዋን በጉልበቷ ያዘች፣ ጀመረች።

በዚያ ሰዓት ሬዲዮው ላይ የሳቮይ ሆቴል የዳንስ ባንድ ይተላለፍ ነበር፤ ወፉ እንደጀመረ ባንዱ ተቋርጦ ወደ ጓሮው ይዛወራል ተብሎ ተወስኗል። ወፉ ግን ዝም አለ። የኤልጋርን ድርሰት ተጫወተች፣ ዝም። የድቮርዣክን ድርሰት ተጫወተች፣ ዝም። አህያ ጮኸ ይባላል፣ ጥንቸሎችም መጥተው ሽቦውን ይቆረጥሙ ጀመር ይባላል፣ መሐንዲሶቹ በጨለማ እርስ በርስ ተያዩ፣ የእሷም ጣት በብርዱ ደነዘዘ፣ ሰዓቱም እየገፋ ስርጭቱ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ45 ገደማ፣ እነሆ ከጨለማው ውስጥ ያ ረጅም ፉጨት ተነሣ፣ ቀረበ፣ ጎላ፣ ተሰባበረ። ባንዱ ተቋረጠ፣ መስመሩ ተከፈተ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚያ ሌሊት የአንድን ወፍና የአንድን ቼሎ ድምፅ አብሮ እንደሰማ ይገመታል። በከተማ ጭስ ውስጥ የተወለዱ፣ ደን ገብተው የማያውቁ፣ የታመሙ፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጣ፣ ደብዳቤ መጣ፣ ወደ 50,000 የሚሆን ደብዳቤ እንደደረሳት ይነገራል፤ ከነዚያም አንዳንዱ ፖስታ ላይ ስሟን እንኳ የማያውቁ ሰዎች የወፎቹ እመቤት ብለው ብቻ ጽፈውበት ደርሷል። ቢቢሲም ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየፀደዩ ወደዚያ ጓሮ እየተመለሰ እስከ 1936 ድረስ አስተላለፈ፣ የሸክላ ኩባንያም በ1927 እዚያው ድረስ መጥቶ ቀረጻቸው። እውነቱን መደበቅ አልወድምና ይህንንም ልንገራችሁ፤ ነገሩ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ2022፣ በዚያ የመጀመሪያ ሌሊት የተሰማው ወፍ አልነበረም፣ ድንገት ወፉ እምቢ ቢል ተብላ በተጠባባቂነት የተቀጠረች የወፍ ድምፅ በፉጨት የምታስመስል ሴት ናት የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ተከራካሪዎቹ የየራሳቸውን አሉ። እኔ ግን በየዓመቱ ያ ጓሮ በወፍ እንደሚሞላ፣ ሸክላውም ላይ የቀረው የወፍ ጉሮሮ እንደሆነ ስለማውቅ፣ የአንዲት ሌሊት ክርክር የአሥራ ሁለት ፀደይ ዜማ ያጠፋዋል ብዬ አላምንም።

የሃሪሰን ቤተሰብ ከዚያ ቤት ከወጡ በኋላም ቢቢሲ ያለ ቼሎ፣ ወፎቹን ብቻ፣ በየዓመቱ ማስተላለፉን ቀጠለ። ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1942፣ በእኛ ግንቦት 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ልክ ከመጀመሪያው ሌሊት በ18 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ መሐንዲሱ እንደ ወትሮው ማይክሮፎኑን አቁሞ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ወፉም ጀምሯል። ከሩቅ አንድ ጉርምርምታ ይሰማል። መጀመሪያ ነጎድጓድ ይመስላል፣ ነጎድጓድ ግን ያርፋል፣ ይህ አያርፍም፣ እየቀረበ፣ እየሰፋ፣ ሰማዩን ሁሉ እየያዘ ይመጣል፤ 197 የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ናቸው፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ማንሃይም ከተማ የሚሄዱ። መሐንዲሱ ደነገጠ፤ ይህ ድምፅ በቀጥታ በአየር ላይ ከወጣ፣ ጠላትም ሬዲዮ ያዳምጣልና፣ አውሮፕላኖቹ እየመጡ እንደሆነ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ፈጥኖ መስመሩን ቆረጠው። ወደ ሕዝብ የሚሄደው ድምፅ ተቋረጠ፣ የቅጂው ሸክላ ግን መዞሩን አላቆመም፤ ስለዚህ ያ ሌሊት እስከ ዛሬ ተቀርጾ አለ።

ሰምቼዋለሁ፣ እናንተም ፈልጋችሁ ብትሰሙት ደግ ነው። የሚያስደንቀው አውሮፕላኖቹ ከላይ ሲያልፉ ወፉ ዝም አለማለቱ ነው። ሞተሩ ሰማዩን ሲሞላው እሱ ከቁጥቋጦው ውስጥ ያንኑ ፉጨት ያነሣል፣ ያረግፈዋል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ያነሣል፤ አንዳንዴ ሞተሩ ይውጠዋል፣ አንዳንዴ እሱ ከሞተሩ በላይ ይወጣል። ከላይ ያሉት ልጆች ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ገና ያለፋቸው ናቸው፣ ማንሃይም ውስጥም በዚያች ሌሊት ልጆቻቸውን ወደ ምድር ቤት የሚያወርዱ እናቶች አሉ። ጎህ ሳይቀድ አውሮፕላኖቹ ሲመለሱ 11 ጎድለው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፣ ያ ወፍ ለማን ነበር የሚያዜመው? ቢያትሪስ ለቼሎዋ የሚመልስላት መስሏት ነበር፣ ሕዝቡም ለሕዝቡ መስሎት ነበር፤ ማንም ቢሆን ያን ድምፅ ለብቻው በጨለማ ሲሰማ ለእኔ ነው ይላል፣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ወፉ የመጣው ከሩቅ ነው። የእንግሊዝ ናይቲንጌሎች ክረምታቸውን የሚያሳልፉት በምዕራብ አፍሪካ፣ ሴኔጋልና ጋምቢያ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ተነሥተው ሰሐራን አቋርጠው፣ ባሕሩን ተሻግረው፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርረው በኤፕሪል አጋማሽ ይደርሳሉ፣ የሚበሩትም በሌሊት ነው፣ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ያርፋሉ፣ ሲመሽ ይነሣሉ። ወንዶቹ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ቁጥቋጦ ይይዛሉ፤ ሴቶቹ ከጥቂት ቀን በኋላ በጨለማ እየበረሩ ይመጣሉ፣ ከታች ያለውን ምድር አያዩትም፣ ይሰሙታል እንጂ።

ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ በሚዋሰኑበት በአልዛስ፣ በራይን ወንዝ አጠገብ ባለ ረግረጋማ ምድር፣ ቫለንቲን አምራይንና ባልደረቦቹ ይህን ለዓመታት አጥንተዋል። ሌሊት ሌሊት እየዞሩ ማን ሲዘምር እንደሚያድር፣ ማን ዝም እንደሚል መዘገቡ፤ ያገኙትም ይህ ነው፦ ሚስት ያላገኘው ወንድ ሌሊቱን ሙሉ ያዜማል፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ቢመጣም አያቆምም፤ ሚስት ያገኘው ደግሞ የሌሊቱን ዜማ ይተዋል፣ እንቁላል በምትጥልበት ሰሞን ብቻ ለጥቂት ሌሊት ይመለስበታል። ከዚያም ሴት ወፎችን ከሌላ ቦታ አምጥተው፣ ጥቃቅን የሬዲዮ መሣሪያ ጀርባቸው ላይ አስረው ለቀቋቸው፣ በጨለማም ተከተሏቸው፤ ሴቶቹ በውድቅት ሌሊት ከአንዱ ወንድ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው እየበረሩ ሲያዳምጡ ተገኙ። ማንም አያያቸውም፣ ድምፅ አያሰሙም፣ ይሰማሉ፣ ያመዛዝናሉ፣ ይሄዳሉ። ለካ የሌሊቱ ዜማ ለእነሱ ኖሯል። በግንቦት አጋማሽ ሌሊት በኦክስቴድ ሲያዜም የተሰማውም ወፍ ምናልባት ገና ብቻውን ያለ፣ በላዩ የሚያልፍ ካለ ይስማኝ የሚል ኖሯል። በ1942ም ያ ሁሉ ሞተር በላዩ ሲያልፍ እሱ የሚጠብቀው ሌላ መንገደኛ ነበር።

የንጋቱ ዜማ ግን ሌላ ነው። እነዚያው ሰዎች ወንዶቹን እንዲሁ አምጥተው ሲለቋቸው፣ ወንዶቹ ቦታ ፍለጋ የሚዞሩት ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ልትወጣ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራት እንደሆነ አዩ፤ ለዚህም ነው ሚስት ያለውም የሌለውም ወንድ ሁሉ ንጋት ላይ የሚያዜመው፣ ሌሊቱን በደህና አደርኩ፣ ይህ ቦታ ባለቤት አለው ለማለት። ሌሎቹም ወፎች በየፊናቸው በዚያ ሰዓት ይነሣሉ፣ ዓይናቸው ትልቅ የሆኑት በትንሹ ብርሃን ማየት ስለሚችሉ ይቀድማሉ፣ ትንንሽ ዓይን ያላቸው ይከተላሉ፤ ነፋሱም ገና አልተነሣም፣ ትል ለመልቀምም ብርሃኑ አይበቃም፣ ስለዚህ ያ ሰዓት ለዜማ የቀረ ሰዓት ነው።

የእኛም ዶሮ ከዚህ አይርቅም። ጃፓን ውስጥ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ሌሊትና ቀን በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አስቀምጠው ሲያዩ፣ ዶሮዎቹ ከውጭ ምንም ምልክት ሳይኖር በየቀኑ ጊዜያቸውን ጠብቀው ጮኹ፤ ሰዓቱ በውስጣቸው አለ። ቀጥለው ደግሞ አብረው የሚኖሩትን ሲያዩ፣ መጀመሪያ የሚጮኸው ሁልጊዜ የበላዩ አውራ ነው፣ ሌሎቹ እሱ እስኪጀምር ይጠብቁና በየማዕረጋቸው ይከተላሉ፤ እሱን ሲያነሡት ሁለተኛው ቦታውን ይዞ ይጀምራል። ወደ ገበያ በሌሊት የሚወጡ አያቶቻችን የመጀመሪያውን ዶሮ የሚያምኑት ያለ ነገር አልነበረም።

ከተማ የገባ ወፍ ግን መከራ አለበት። በርሊን ከአንድ ሺህ በላይ ጥንድ ናይቲንጌል የሚኖርባት ከተማ ናት፣ በየመናፈሻው፣ በባቡር ሐዲድ ዳር ባለው ቁጥቋጦ ይሰፍራሉ፤ ሄንሪክ ብሩም የሚባል አጥኚ በየመንገዱ ዳር ድምፃቸውን ሲለካ፣ ጫጫታ ባለበት ያለው ወፍ ጸጥታ ካለበት ይልቅ ጮክ ብሎ እንደሚያዜም፣ ያው ወፍ ደግሞ መኪና በሚበዛበት በሥራ ቀን ጠዋት ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ ድምፁን እንደሚያነሣ አገኘ። ይህ የጉልበት ጉዳይ ነው፤ 20 ግራም ገደማ የምትመዝን አካል በየቀኑ ከሞተር ጋር ትታገላለች። እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ደግሞ ሮቢን የሚባሉት ደረተ ቀይ ወፎች ቀን ጫጫታ በሚበዛበት ሰፈር ሌሊት ሲዘምሩ ተገኙ፤ የቀኑን ቦታ መኪናው ወስዶባቸዋል፣ ሌሊቱን ወሰዱ። ቪየና አጠገብ ባለ ደንም የመንገድ መብራት አጠገብ ያሉ ወፎች ከሌሎቹ ቀድመው፣ ገና በጨለማ፣ ንጋት መስሏቸው ይጀምራሉ። እናንተም ከተማ ውስጥ ከመኝታችሁ ነቅታችሁ ወፍ ስትሰሙ፣ ሰዓታችሁን ስታዩም ገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ መስኮቱን ከፍታችሁ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ እዩ።

በኦክስቴድ ዙሪያ ያለውስ? ቢያትሪስ ሃሪሰን በ1965 አረፈች። እንግሊዝ ውስጥ ያሉት ናይቲንጌሎች ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከአሥሩ ዘጠኙ ጠፍተዋል፤ ለማገዶና ለአጥር በየጊዜው እየተቆረጠ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ቀረ፣ አጋዘኑ በዝቶ ከታች ያለውን ሁሉ በላ፣ ወፉ የሚደበቅበትና ጎጆውን የሚሠራበት ጠፋ። ሰው አላደነውም፣ ማንም ክፉ አላሰበበትም፤ ቁጥቋጦ ተራ ነገር መስሎ ስለታየ ብቻ ተመነጠረ። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም እኛም አገር ቁጥቋጦ ያለበት መሬት ባዶ መሬት ይባላል።

ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ናይቲንጌል የቅርብ ዘመድ አለው፣ ከስዊድንና ከዴንማርክ ጀምሮ እስከ ሳይቤሪያ የሚፈለፈል፣ መልኩ ትንሽ ጠቆር ያለ፣ ድምፁ ከርሱ ባላነሰ የሚደነቅ፣ ሌሊትም የሚያዜም። ይህኛው መንገዱ በእኛ በኩል ነው። በመስከረምና በጥቅምት ወደ አፍሪካ ይወርዳል፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ ያልፋል፣ በኬንያ ጻቮ በኅዳርና በታኅሣሥ ጭጋጋማ ሌሊት የወፍ አጥኚዎች እግሩ ላይ ቀለበት ያስሩለታል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ አገሮች ይወርዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሲመለስ ቀይ ባሕርንና የዓረብን በረሃ ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካ ቀንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ያርፍና ነፍሳት እየለቀመ ስብ ይሰበስባል፤ ስቡ ስንቁ ነው፣ ያለ እሱ በረሃውን አይወጣውም።

በ2011 በአፍሪካ ቀንድ ዝናብ ጠፋ። ያን ዓመት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በቦረናና በሶማሌ ከብት አለቀ፣ ከሶማሊያ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በእግራቸው ዶሎ አዶ ደረሱ፣ በመንገድ የቀሩትም ቀሩ። በዚያው ፀደይ ስዊድንና ዴንማርክ ውስጥ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ያ የሌሊት ዘማሪ በወትሮው ቀን አልመጣ አላቸው። ቀን አለፈ፣ ሌላም ቀን አለፈ፣ ከዚያ ዘግይቶ መጣ። የዴንማርክና የስዊድን ተመራማሪዎች በአንዳንዶቹ ወፎች ጀርባ ላይ 1 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ የፀሐይን መውጫና መጥለቂያ እየመዘገበች ወፉ በየቀኑ የት እንዳለ የምታሳውቅ መሣሪያ አስረው ነበር፤ ወፎቹን እንደገና ይዘው መዝገቡን ሲያነቡ፣ መንገዱ ሁሉ እንደ ሌላው ዓመት ነው፣ ከአንድ ቦታ በቀር። ወፎቹ አፍሪካ ቀንድ ላይ፣ ቅጠል በሌለው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ በሌላው ዓመት ከሚቆዩት በላይ ቆይተዋል፤ ስንቃቸው ቶሎ አልሞላምና። በ2012 ይህን ሲያሳትሙ ድርቁና የወፉ መዘግየት አንድ ወሬ ሆኖ ተጻፈ።